ያውቁ ኖሯል? ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ሻጋታ

የሻጋታ ዘር በዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ በየቤቱ አየር ውስጥ ይንሳፈፋል። ጨርሶ ጠራርጎ ማስወጣት አይቻልም፤ የሚቻለው ውኃ መንሳት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው፣ የራሰ ምንጣፍ ወይም ግድግዳ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከደረቀ ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ አይበቅልም። የቤት ውስጥ አንጻራዊ እርጥበትም ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን ይመክራል።

እርጥበቱ ግን ሁልጊዜ ከሚያፈስ ጣሪያ አይመጣም።

አዲስ አበባ ክረምት ሲገባና ልብስ ደጅ አልደርቅ ሲል ገመዱ ሳሎን ውስጥ ይዘረጋል፤ ድስቱ ሳይከደን ይንተከተካል፤ መስኮቱም ብርድ ተፈርቶ ተዘግቶ ይውላል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ጠብታ ይሆናል። ከውጭው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ በቆመ ቁም ሳጥን ጀርባ አየር ስለማይዘዋወር ጥቁሩ ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። ባለቤቱ የሚነቃው የክት ልብሱ መሽተት ሲጀምር ነው! ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ማድረግ ግን ምንም ወጪ የለውም።

ቀለም መቀባትስ? ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሻጋታ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል። በረኪናም ቢሆን የእርጥበቱን ምንጭ አይደፍንም፤ የሞተ ሻጋታ እንኳ አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል። ጠንካራ ገጽ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት። ሻጋታ ዘልቆ የገባበት ኮርኒስ ወይም ፍራሽ ግን ቢጣል ይሻላል።