ምሰሶው ሳይነካ

ጎጆው የጠበበው ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ግድግዳውን ወደ ውጭ መግፋት ነው። ለአራት ማዕዘን ቤት ይሠራል፤ አንዱን ጎን አፍርሶ መቀጠል ነው። ክብ ቤት ግን እንዲህ አይሰፋም። ከዳር እስከ ዳር 6 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 2 ሜትር ከ20፣ ጣራው በ45 ዲግሪ ያዘቀዘቀ ጎጆ እንውሰድ። የሣር ጣራ ከዚህ ብዙ ከተኛ ዝናቡ መፍሰሱን ትቶ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ግድግዳውን ዙሪያውን በ1 ሜትር ተኩል አስወጥተን ጣራውን በዚያው ቁልቁለት ብናስረዝመው ክፈፉ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። ሰው ጎንበስ ብሎም አይገባበትም። ለማቃናት ምሰሶው በ1 ሜትር ተኩል መርዘም አለበት፤ ምሰሶ ተለወጠ ማለት ደግሞ ጣራው በሙሉ ፈረሰ ማለት ነው። 4 ሜትር ከ20 የነበሩት ወራጆችም ከ6 ሜትር በላይ በሆኑ መተካት አለባቸው።

ይህን ያህል ረጅምና ቀጥ ያለ እንጨት በይፋት ቆላ ከየት ይመጣል? ወደዚያ ለመሄድ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ከኋላው ትቶ ቁልቁል ሲወርድ ዛፉ ዓይኑ እያየ ይለወጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ በዙሪያው የሚያየው ግራር፣ ቁርቁራና በደኖ ነው። ጠንካራ እንጨቶች ናቸው፤ ግን አጭርና ጠማማ። ከላይ በወፍ ዋሻ ያለው ጥድና ወይራ ጥብቅ ደን ነው፣ ሊነካም አይገባም። የሚቀረው ከደጋ በመኪና የሚወርድ ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም በረዘመ ቁጥር ዋጋው ይንራል።

ስለዚህ የአገሩ ቤት ሠሪ መልስ አሮጌውን ጎጆ እንዳለ ትቶ ሌላ አጠገቡ መቀለስ ነው። እኔም ትክክለኛው መልስ ይህ ነው እላለሁ። ሁለት ባለ 6 ሜትር ጎጆዎች ቦታውን በእጥፍ ያሳድጋሉ፤ የሚጠይቁት እንጨት ግን ያው አጭሩ ነው። ደግሞም የገጠር ግቢ ድሮም ያደገው እንዲሁ ነው፦ መኖሪያው፣ ማድቤቱ፣ የከብቱ ቤት፣ ኋላም ልጅ ሲያገባ የሚወጣለት ጎጆ። ክቡን ከክብ ውጭ በክብ ማስፋት የቻለው ቤተ ክርስቲያናችን ነው፤ መቅደሱ፣ ቅድስቱና ቅኔ ማሕሌቱ አንዱ አንዱን ይከባል። ያ ግን ከመጀመሪያው ለዚያ ታስቦ፣ ለዚያ የሚመጥን ግንድ ተፈልጎ የቆመ ነው።

ከማስፋቱ በፊት ግን አሮጌው ይታደሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዓይኑን የሚስበው የግድግዳው ስንጥቅ ስለሆነ ነው። ባለሙያ መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የሚያየው። በጉልላቱ ላይ የተደፋው ገንቦ ከተሰነጠቀ ውሃው ምሰሶውን ተከትሎ ይወርዳል፤ ጥቁሩ ጥላሸት ላይ እንደ ዕንባ የወረደ ቡናማ መስመር ጥሎ ያልፋል። ያ መስመር ከታየ ምርጊቱን ማደስ ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ ቋሚዎቹ ናቸው። ባለሙያው በመጥረቢያው ጀርባ ግርጌያቸውን አንድ በአንድ ያንኳኳል። ጤነኛው ቋሚ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ምስጥ የበላው ግን እንደ ቅል ባዶ ይጮኻል። ቆላ ላይ ከእሳት ቀጥሎ የጎጆ ጠላት ምስጥ ነው፤ ከጭቃው ሥር የራሱን የአፈር መንገድ እየሠራ፣ ሳይታይ ነው የሚወጣው። የተበላው ሲገኝ ጣራው በባላ ይደገፍና ያ አንዱ ቋሚ ብቻ ወጥቶ በሌላ ይተካል። የአዲሱ ግርጌ ከመቀበሩ በፊት እሳት ላይ ይለበለባል፤ ዛሬ ዛሬ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡም አሉ። ሁሉንም በአንዴ መንቀል አያስፈልግም። የክብ ግድግዳ ትልቁ ጸጋ ይህ ይመስለኛል፦ ማዕዘን ስለሌለው አንድ ቋሚ ቢጎድል ማገሩ ሸክሙን ለጎረቤቶቹ ያካፍላል።

ጭቃው ጊዜ ይፈልጋል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተደባልቆ፣ በእግር ተረግጦ፣ ለቀናት እየረጠበ ይቦካል። ሲደርስ ይሸታል፤ ጭዱም ልልና የሚሳብ ይሆናል። ምርጊቱ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሴቶቹ በእበትና በለሰለሰ አፈር ይለቀልቁታል። በዚህ ቦታ ሲሚንቶ የሚያስገባ ሰው በቤቱ ላይ ክፉ ይሠራል። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ ይተፋል፤ ሲሚንቶ ግን ደራቅ ነው፣ እርጥበቱን ከኋላው አፍኖ ይይዘዋል፣ በጥቂት ክረምትም ግድግዳውን ይዞ ይገነጠላል። ጎጆው እንዲጸና ብሎ ሲሚንቶ የለሰነ ሰው ከሁሉ ቀድሞ ሲፈርስበት ማየት ያሳዝናል።

ከሁሉ የከበደው ዛሬ ሣሩ ነው። ሰንበሌጥ የሚታጨደው ከመስከረም በኋላ ደርቆ ሲቆም፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ እርሻ በተስፋፋበት ቆላ ግን የሚታጨድ ሜዳ እያነሰ ሄዷል። ሣር ራሱን ችሎ እንደማይቆይ፣ ጠባቂ እንደሚሻ የመንዝ ሰዎች ቀድመው ያውቁ ነበር። ከይፋት በላይ፣ በሸንተረሩ ጫፍ ያለው የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጥበቃ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሜዳው ለዓመታት ተዘግቶ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ለክዳኑና ለገመዱ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ኅብረተሰቡ በኋላ መልሶ ጥበቃውን ይዞታል። በቆላውም አንድ ቀበሌ ጥቂት ሄክታር ሰንበሌጥ ቢከልል ቆርቆሮን ከሸዋ ሮቢት ገበያ ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ በመንደሩ በቀረ ነበር። ቀትር ላይ በቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ሰው፣ ጎረቤቱ በሣር ክዳን ሥር እንዴት እንደሚያርፍ ያውቃል።

አዲሱ ጎጆ ሲቀለስ አንድ አደጋ አለ፦ የሁለቱ ጣራ መገናኛ። ሁለት ክቦች ተጠጋግተው ክፈፎቻቸው ቢነካኩ መካከላቸው ጎድጓዳ ይሠራል፤ ከሁለቱም የሚወርደው ዝናብ እዚያ ይከማቻል፣ ሣሩም በአንድ ክረምት ይበሰብሳል። ስለዚህ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራራቃሉ፤ በመሃላቸው ዝቅ ያለ መተላለፊያ ይሠራል፣ ክፈፎቹ ከመተላለፊያው ጣራ በላይ ወጣ ብለው ያልፋሉ፣ ውሃውን የሚቀበል አሸንዳም ይገባለታል። መተላለፊያው ላይ ቆርቆሮ ቢደረግ አልቃወምም። ትንሽ ናት፤ የምትሠራውም የውሃ ሥራ ነው።

ክዳኑ ከክፈፉ ተጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የላይኛው እቅፍ የታችኛውን ማሰሪያ እየሸፈነ። በደቦ ከሆነ ከታች አንዱ እቅፉን ይወረውራል፣ ከላይ ያለው ይቀበላል፣ በልጥ ያስራል። ጉልላቱ ላይ ገንቦው ሲደፋ የውጭው ሥራ አለቀ። ከዚያ በውስጥ እሳት ይነድዳል፤ ማንም ገና ሳይገባበት። ጢሱ በሣሩ ውስጥ አልፎ በጣራው ላይ ሁሉ ይተናል፣ ነቀዙንና ተባዩን ያባርራል። አሮጌው ጎጆ ውስጡ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ አዲሱ ገና እንደ ጤፍ ነዶ ቢጫ ነው፤ እስኪጠቁር ድረስ እሳቱ አይጠፋም።