በላምባ የሚሠራው የጨረቃ ሞተር

ላምባን ከኩራዝና ከምድጃ ታውቁታላችሁ። ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው ሳተርን 5 የተባለው ሮኬትስ ከመሬት የተነሣው በምን ነዳጅ ይመስላችኋል? በዚያው በላምባ ነው፤ በጣም የተጣራ ይሁን እንጂ።

ሮኬቱ ከሥሩ ኤፍ-1 የሚባሉ አምስት ሞተሮች ነበሩት። የሠራቸው ሮኬትዳይን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። የአንዱ ሞተር ግፊት ብቻ 680 ቶን ያህል ነበር።

የሚነድ ኩራዝ ላይ ጣሳ ብትደፉበት ኦክስጅን ያጣና ይጠፋል። (ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት!) ሮኬት አየር ወደሌለበት ስለሚሄድ ኦክስጅኑን ይዞ መጓዝ አለበት። ጋዙ ብዙ ቦታ ስለሚፈጅ ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሆኖ ይጫናል። አንድ ኤፍ-1 በየሰከንዱ ከ2 ቶን ተኩል በላይ ላምባና ኦክስጅን ይጨርስ ነበር። ላምባው ብቻ አምስት በርሜል ያህል ነው። ሁለቱን የሚገፋው ፓምፕ 55,000 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

ትልቅ እሳት ማንደድ ግን ያን ያህል አላስቸገረም። ያስቸገረው እሳቱን ማረጋጋት ነው። በማቃጠያው ክፍል ውስጥ ነበልባሉ እንደ ሞገድ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ ይበረታና ሞተሩን ባንድ አፍታ ያወድመዋል። በ1962 (እ.ኤ.አ.) አንድ ሞተር በሙከራ ላይ ሳለ በዚሁ ምክንያት ጠፋ።

ችግሩን በስሌት ብቻ መፍታት ስላልተቻለ መሐንዲሶቹ የሚገርም ዘዴ ፈጠሩ። በሚነደው ሞተር ውስጥ ሆን ብለው ትንሽ ፈንጂ እያፈነዱ፣ እሳቱ በስንት ጊዜ ተመልሶ እንደሚረጋ ይለኩ ጀመር። ለእኔ ከጠቅላላው ታሪክ የሚበልጥብኝ ይህ ድፍረት ነው። ነዳጁ የሚረጭበትን ሳህን መሰል ብረት በመዳብ ግድግዳዎች 13 ቦታ ከፋፈሉት፤ የቀዳዳዎቹንም አሠራር ደጋግመው ቀያየሩ። በመጨረሻ እሳቱ ቢረበሽም ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ በራሱ የሚረጋ ሆነ።

ከ1967 እስከ 1973 ሳተርን 5 ለ13 ጊዜ ሲወነጨፍ ከ65ቱ ሞተሮች አንዱም በበረራ ላይ አልተበላሸም። ሥራቸው የሚቆየው ለሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነበር፤ ከዚያ ከነታንካቸው ተለይተው ውቅያኖስ ውስጥ ይወድቃሉ። በ1969 አፖሎ 11ን ካስነሡት የአንዱ የተጣመመ ስብርባሪ በ2013 ከአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ጥልቀት ወጥቷል።