ባለ ቀለሙ ቆስጣና የዘር ንግድ በኮልፌ

ቆስጣን የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም። በጾም ወራት፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም 55 ቀኖች፣ ከኮልፌ እስከ አየር ጤናና ቤተል ባሉት ጉልቶች ሁሉ እስር እስሩ ተደርድሮ ይሸጣል። ዳሩ ግን ይህ ቅጠል በሌላው ዓለም ለወጥ ብቻ ሳይሆን ለአትክልት ቦታ ጌጥ ጭምር የሚተከል መሆኑን፣ አገዳውም ቀይ፣ ቢጫና ብርቱካንማ የሚሆን ዓይነት እንዳለው ብዙዎቻችን ነጋዴዎች ልብ አላልነውም።

ስሙ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። «ኮስታ» ጎድን ማለት ሲሆን፣ በቅጠሉ መካከል የሚወርደውን ወፍራም አገዳ ያመለክታል። በወገኑ ከቀይ ሥርና አውሮፓውያን ስኳር ከሚያወጡበት ሥር ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ቀይ አገዳ ያለውን ቆስጣ ያየች ገዢ «ይህማ የቀይ ሥር ቅጠል ነው» ብላ ብትመልሰው አይፈረድባትም፤ ከዘመዱ አልራቀችም።

«ፎርድሁክ ጃይንት» የተባለውን ባለ ነጭ አገዳ ዓይነት በርፒ የተባለው የአሜሪካ የዘር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1934 ለገበያ አቀረበው። «ብራይት ላይትስ» የሚባለው ባለ ብዙ ቀለም ደግሞ የኒው ዚላንዱ አትክልተኛ ጆን ኢተን በትዕግሥት መርጦ ያገኘው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የአዳዲስ ዘሮችን ሽልማት አግኝቷል። ሁለቱም በድስት ውስጥ ያው ቆስጣ ናቸው።

ተክሉ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል፣ በሁለተኛው አበባና ዘር ይሰጣል፤ ለማበብም የረዘመ ብርድ ይሻል። ዱቄቱን ነፋስ ስለሚያመላልሰው በአጠገቡ ካበበ ቀይ ሥር ጋር ይዳቀላል። በዚህ ምክንያት ዘሩ በአብዛኛው ከውጭ አገር ታሽጎ ይገባል፤ አስመጪውም የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ማቅረብ አለበት። ባለ ሱቁ በበኩሉ የማሸጊያውን ቀን ይመልከት፤ ከተጠራጠረም 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከ10 ቀን በኋላ ይቁጠር። ፍሬው ብዙ ዘሮች የተጣበቁበት ስለ ሆነ፣ ከአንዱ ሁለት ሦስት ቡቃያ ሲወጣ እንዳያታልለው፤ መቁጠር ያለበት የበቀሉትን ፍሬዎች ነው። ቀለም የተቀባ ዘር መድኃኒት ያለበት ስለ ሆነ ከእህል ጋር አይቀመጥ።

ከዘሩ ይልቅ የሚያሳስበው የውሃው ነገር ነው። ትንሹ አቃቂ በምዕራብ አዲስ አበባ ሲወርድ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይቀበላል፤ በዳሩም አትክልት ሲለማበት ኖሯል። በከተማይቱ የተደረጉ ጥናቶች በወንዝ ውሃ በለሙ ቅጠሎች ውስጥ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል። ወደ ቅጠሉ ሰርጎ የገባው በማጠብ አይለቅም። በጉድጓድ ውሃ የሚያለማው ገበሬ ግን እስሩ ከወንዝ ዳሩ እስር ጎን ተቀምጦ በዚያው ዋጋ ይሸጣል፤ ድካሙን የሚያሳይ ምልክት የለውምና። የትም እንደ በቀለ ጠይቆ፣ አይቶና ለይቶ የሚሸጥ ነጋዴ እስካሁን በሰፈራችን አላየሁም። ቢኖር ግን፣ በእኔ ግምት፣ ሆቴሎች ፈልገው ይመጡለት ነበር።

ባለ ቀለሙ ቆስጣ ለጠባብ ግቢ የሚስማማውም እዚህ ላይ ነው። ከሥሩ በተበሳ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ በቧንቧ ውሃ ይበቅላል፤ በረንዳ ያስጌጣል፤ የውጭው ቅጠል ሲቆረጥ የውስጡ ይተካል። አፈሩ ከመኪና መንገድ ዳር እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። ችግኙን ከነቆርቆሮው የሚሸጥ ሱቅ ከዘር ፓኬት የተሻለ ትርፍ ያገኝበታል።

ከተዘራ እስከ መጀመሪያው ቆረጣ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል፤ ቀላል ውርጭም ይችላል። ለዐቢይ ጾም እንዲደርስለት የሚሻ በታኅሣሥ መጀመሪያ ይዝራ፤ አስመጪውም ትእዛዙን ከመስከረም አያሳልፍ።