ከመንዝ በግ ጸጉር የእጅ ቦርሳ አሠራር

የመንዝ በግ ጸጉር ከባናና ከበርኖስ ሌላ ለእጅ ቦርሳም ይሆናል። ጥቁሩ ማቅለሚያ ስለማይፈልግ ብንመርጠው ይሻላል። ጸጉሩን ሸልተው፣ አጥበውና አበጥረው በእንዝርት ይፍተሉት፤ ከዚያም ቦርሳውን በሹራብ መሥሪያ ላላ አድርገው ይሥሩ።

ድካሙ ሁሉ ከንቱ የሚቀረው በልኩ ነው። ቦርሳው በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታሽ ጸጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃል፤ ቦርሳውም ያንሳል። አንዴ ካነሰ አይመለስም። ስለዚህ በመጀመሪያ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ሠርተው በዚያው መንገድ ያሹት። የቁራጩ ወርድ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ወርድ ላለው ቦርሳ በ40 ይጀምሩ። ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከወርዱ የበለጠ ስለሚያጥር ለብቻው ይለኩት፤ ማንገቻውንም አይርሱ። ናይለን ወይም አክሪሊክ ክር አይቀላቅሉ፤ እንደ በግ ጸጉር አይያያዝም።

ሲያሹ ቶሎ ቶሎ ይመልከቱ። በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠፋ ያቁሙ። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው፣ ሳይጠመዝዙ ይጭመቁት። ቅርጹን እንዲይዝ ጭድ የሞላ ፌስታል ከውስጡ ከተው በጥላ ያድርቁት፤ ጭዱ ብቻውን ከገባ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል።