ክራክ የተደረገው ዊንዶውስና ባለቤቱ የፈቀደው ሊኑክስ

የዛሬው ርእሳችን ከወትሮው ለየት ይላል። ከጊንጪ አንድ ወንድማችን ጥያቄ ልኮልናል። የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። በሁለቱም ኮምፒውተሮቹ ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ለባለቤቱ ሳይከፈልበት የተጫነ ነው። አሁን ጠጋኙ «ይኸኛው አብቅቶለታል፣ 11ን በግድ ልጫንልህ» ብሎታል። ወንድማችን «እስከ ዛሬ ያገኘሁት ገንዘብ ሐላል ነው ወይ? ከእንግዲህስ ምን ላድርግ?» ይላል።

ጠጋኙ አብቅቷል ማለቱ እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ ነገር ግን ሌባ የሚገባበት አዲስ ቀዳዳ ቢገኝ እንደ ቀድሞው አይደፈንለትም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስምንተኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ይጠይቃል። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ ጽሕፈት ቤቶች የምናያቸው ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው።

ወደ ሸሪዓው እንምጣ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የደራሲና የፈልሳፊ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑንና መዳፈር እንደማይፈቀድ ወስኗል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጻሕፍት ጋር ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መድቦታል። በችግር ጊዜ ለግል ጥቅም የሚያቃልሉ ዓሊሞች አሉ፤ ይህን አልሸሽግም። ነገር ግን ፈቃድ ያለው ምትክ በነጻ እየተገኘ ችግርን ማመካኘት ለእኔ አይዋጥልኝም። ያለፈውን ገቢ በተመለከተ፣ ደንበኛ የከፈለው ለወንድማችን የእጅ ድካም፣ ለወረቀቱና ለቀለሙ ነው፤ ጽሑፍ መተየብ በራሱ ሐላል ሥራ ነው። ጥፋቱ ያለው በመሣሪያው ላይ ነውና እርሱን ያስተካክል። ወላሁ አዕለም።

ክራክ የሚባለውን ነገር ሌላም አደጋ ይከተለዋል። ብዙውን ጊዜ ከመጫኑ በፊት «ጸረ ቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ማን እንደሠራው ለማይታወቅ ፕሮግራም በር ከፍቶ ዘበኛውን ማሰናበት ማለት ነው። ጽሕፈት ቤት ደግሞ የሰው አማና የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ እዚያው ነው።

ምትኩ ሊኑክስ ይባላል። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ነጻ ሥርዓት ለመሥራት ማቀዱን አስታወቀ፤ በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ የሥርዓቱን እምብርት ጻፈ። የሁለቱ ሥራ ተጋጥሞ ዛሬ ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንት እየተባለ ይታደላል። ነጻ ሲባል ዋጋ የለውም ማለት ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ራሱ «ቅዱት፣ ለጎረቤት ስጡ፣ ውስጡን አይታችሁ አሻሽሉ» ብሎ በጽሑፍ ፈቅዷል። የእምብርቱ ፈቃድ ደግሞ አሻሽሎ የሚያድል ሰው ያንኑ መብት ለተቀባዩ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ወቅፍን ይመስላል፤ መሸጥንም ስለሚፈቅድ ግን ፍጹም አንድ ነው አልልም። ሙስሊም ወጣቶችም እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 ድረስ ኡቡንቱን ወስደው የሶላት ሰዓትና ቁርኣን ማንበቢያ ጨምረውበት ሳቢሊ ብለው ያድሉት ነበር። ዛሬ የቆመ ሥራ ስለሆነ አሮጌውን ፈልጋችሁ አትጫኑ።

ለጽሕፈት ሥራ ይሆናል ወይ? ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው መጻፊያ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፤ ውስብስብ ሠንጠረዥ ግን አንዳንዴ ይዛነፍበታል። አማርኛ ለመተየብ የግእዝ ኪቦርድ ከቅንብሩ ውስጥ ይጨመራል። ለአፋን ኦሮሞ ቁቤ የተለመደው የላቲን ኪቦርድ ይበቃል። ችግር የሚፈጥሩት በድሮ የፓወር ግእዝ ፊደላት የተጻፉ ሰነዶች ናቸው። ፊደሉ ከሌለ የማይነበብ ምልክት ሆነው ስለሚታዩ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው። ሒሳብ በፒችትሪ የሚሠራ ነጋዴ ግን አይቸኩል፤ ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ ለሥራው የዊንዶውስ ፈቃድ መግዛት ይሻለዋል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ዊንዶውስ 11 ሆም በአሜሪካ 139 ዶላር ይሸጣል፣ ይህም እዚህ ከጀማሪ መምህር የወር ደመወዝ ይበልጣል።

አጫጫኑ እንዲህ ነው። ሊኑክስ ሚንት ወደ 3 ጊጋባይት ነው። አምቦ ላይ ጥሩ ኢንተርኔት የሚያገኝ አንድ ወጣት ቢያወርደው በፍላሽ እየተቀዳ ለሁሉም ይደርሳል፤ በዚህ መቅዳት ሐጢአት የለም። ከፍላሹ ሳይጫን መሞከር ስለሚቻል ወንድማችን መጀመሪያ በዚያው ያስነሳው፤ ማተሚያውና ስካነሩ መታዘዛቸውን፣ አማርኛው በትክክል መታተሙን ይይ። ከዚያም ፋይሎቹን ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጥ፤ መጫን አሮጌውን ሊጠርገው ይችላልና። ሁለቱን ኮምፒውተር በአንድ ቀን አይቀይር። አንዱን ቀይሮ ሁለት ሳምንት ይሥራበት፤ እጁ ሲለምድ ሁለተኛውን ያስከትል።