ፎቶግራፍ ከነስሙ

ከሞጣ ወደ ቤጌምድር በሚያሻግረው መንገድ፣ በዓባይ ላይ፣ በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት እንደ ተሠራ የሚነገርለት፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈርሶ ስለ ቀረ ሕዝቡ «ሰባራ ድልድይ» ብሎ የሚጠራው የድንጋይ ድልድይ አለ። ከተሰበረ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ መንገደኛው በገመድ ታስሮ፣ ወዲህና ወዲያ በቆሙ ሰዎች ክንድ እየተሳበ፣ ከእግሩ ሥር ወንዙ ሲያገሣ እየሰማ ይሻገር ነበር፤ ለአገሬው ሰውም ይህ የዘወትር ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ይህን መሻገሪያ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አወጣ፤ ኬን ፍራንትዝ የተባለ አንድ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ፎቶግራፉን ባየ ጊዜ ልቡ ተነክቶ በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን ማኅበር መሠረተ፤ በ2002ም የፈረሰው ክፍል በብረት ተቀጠለ። ዓባይ ይህን ደግሞ በ2005 መልሶ ስለ ወሰደው፣ በ2009 በአጠገቡ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ያን ፎቶግራፍ ያነሣው እጅ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ዛሬ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው መንገድ ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆኗል፤ ከባዱ ድካም የሚጀምረው ከተነሣ በኋላ ነው፤ ይኸውም ከብዙው ጥቂቱን መምረጥ፣ ማስተካከል፣ በአማርኛ ጽፎ ማስረዳት፣ በደካማ ኔትወርክም ለአንባቢ ማድረስ ነው። ይህን ድካም ያቃልላሉ የተባሉትን ሶፍትዌሮች አንድ ክረምት ሙሉ ስፈትን ከርሜ ያየሁትን ለአንባቢ ላካፍል።

የጥምቀት ዕለት በሞጣ ያነሣኋቸው ፎቶግራፎች 612 ነበሩ። ቀድሞ እንዲህ ያለ ክምር ሲገጥመኝ አንዱን ከፍቼ፣ አብርቼ፣ ጠርዙን ቆርጬ፣ ስም ሰጥቼ እስካስቀምጥ ሌሊቱ ይጋመስ ነበር፤ በዚያም ላይ ካሜራው የሚቈጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ሆነ፣ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ያነሣሁት የታቦት አጀብ «ጃንዩወሪ 19 ቀን 2025፣ 9 ሰዓት» ተብሎ ይመዘገባል። የእኔው ካሜራ ደግሞ ባትሪው ሙሉ በሙሉ በሞተ ቍጥር ሰዓቱን ስለሚረሳ፣ ከተራውን ከጥምቀቱ ኋላ አድርጎ የሚደረድርበት ጊዜ አለ። ዲጂካም የተባለው በነጻ የሚታደል ሶፍትዌር ከጠቀመኝ ነገር የመጀመሪያው ይህ ነው፤ አንዱን ፎቶግራፍ እውነተኛውን ሰዓት ብነግረው የቀሩትን 611 በዚያው ልክ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አንቀሳቅሶ፣ በዓሉን እንደ ሥርዓቱ አሰለፈልኝ። የዘመን አቆጣጠራችንን ግን ስለማያውቀው፣ የኢትዮጵያውን ቀን በመግለጫው ውስጥ የምጽፈው በእጄ ነው።

ለማስተካከሉ ዳርክቴብልን ሞከርሁ፤ እርሱም ነጻ ነው። ብራና ላይ የሚጽፍ ጸሐፊ ሲሳሳት በካራ ፍቆ ያርማል፤ የፋቀውን ግን መመለስ አይችልም፤ የቀድሞዎቹ የፎቶ ማስተካከያዎችም ብዙዎቹ እንዲሁ ነበሩ፤ በላዩ ላይ አንድ ጊዜ ካስቀመጡበት ዋናው ጠፋ ማለት ነው። ዳርክቴብል ግን ዋናውን ፋይል ሳይነካ፣ «ጥላውን አብራ፣ ቀዩን ቀንስ» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ከጎኑ በምትገኝ ትንሽ ፋይል ይጽፋል፤ የትርጓሜ መምህር ንባቡን እንደ ተጻፈ ትቶ ሐሳቡን በኅዳጉ እንደሚያሰፍር ማለት ነው። በአንድ ፎቶግራፍ ላይ የተደረገውን እርማትም በአንድ ጠቅታ ለሠላሳው መስጠት ይቻላል፤ አጀቡ በአንድ ፀሐይ ሥር ስለ ተነሣ አንዱን ያዳነ ሁሉን ያድናል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የክብደት ነገር ነው። የእኔ ካሜራ የሚያነሣው አንዱ ፎቶግራፍ 9 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል፤ ሃያውን እንዳሉ ለመላክ 180 ሜጋባይት ዳታ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ስንት ማታ ላኪው መስመር ዘጠና በመቶ ደርሶ እንደ ተቋረጠብኝና ከመጀመሪያው እንደ ጀመርሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ስፋቱ ወደ 1600 ነጥብ ሲቀነስ አንዱ 400 ኪሎባይት ገደማ ስለሚሆን ሃያው በ8 ሜጋባይት ያልቃል፤ በስልክ ለሚያየው አንባቢም ልዩነቱ አይታወቅም። ዋናውን ለኅትመትና ለመዝገብ በሐርድ ዲስክ ማስቀረት ነው።

ስለ ጽሕፈቱ አንድ ጥቅል ማስታወሻ አለኝ፤ ከብዙ ዓመት በፊት በደብረ ወርቅና በመርጡለ ማርያም ስዞር የጻፍሁት ነው። ዛሬ በአዲሱ ላፕቶፕ ስከፍተው ከአናቱ እስከ ግርጌው የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት መዓት ሆኖ ታየኝ። ምክንያቱም ፊደላችን ወደ ኮምፒዩተር በገባበት በመጀመሪያው ዘመን እያንዳንዱ ሠሪ ለፊደላቱ የየራሱን ቍጥር ሰጥቶ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ ፊደል የጋራ ቍጥር ሰጠው፤ በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። አሁን ኪማን በተባለው ሰሌዳ ጽሑፌን ያለ ኔትወርክ እጽፋለሁ፤ መስመር ሲገኝ ወደ ዎርድፕረስ ገልብጬ አወጣዋለሁ። አሮጌውን ማስታወሻ ግን ሠሪው የተወውን የፊደል ሠንጠረዥ ፈልጌ፣ መለወጫ ፈልጌ፣ ግማሹን አዳንሁ፤ ግማሹን እንደ ገና በእጄ ጻፍሁት።

በማሰሻው ረገድ ብዙ የምለው የለኝም። ኦፔራ ሚኒ ድረ ገጹን በራሱ አገልጋይ ላይ ጨምቆ ስለሚልክ ዳታ ይቈጥባል፤ ነገር ግን ገጹ በሌላ እጅ አልፎ የሚመጣ ስለ ሆነ የባንክ ምሥጢር ቃል አላስገባበትም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ ዋጋውን ያወቅሁት ኪዊክስን ነው፤ ዊኪፔዲያን እንዳለ በስልክ ወይም በፍላሽ ይዞ ያለ መስመር የሚያስነብብ ሶፍትዌር ነው።

ፊትን እየለየ ስም እሰጣለሁ የሚል ሶፍትዌርም ሞክሬ ነበር። ጥምጣማቸውና ነጠላቸው አንድ የሆኑትን ሁለት መሪጌቶች አንድ ሰው አድርጎ፣ ጃንጥላ የጋረደውን ዲያቆን ግማሽ ፊት ደግሞ ሦስተኛ ሰው አድርጎ አቀረበልኝ። እየለዩ ስም የመመዝገቡን ሥራ በገዛ ዓይናቸው የሠሩ ሰዎችን አሰብሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍትን በፊልም ሲያስቀር፣ ፊልሙን ለተመራማሪ ያበጀው እንደ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያሉ ሊቃውንት በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀምጠው፣ ቅጠል በቅጠል አይተው፣ የመጽሐፉን ይዘት፣ የጸሐፊውንና የባለቤቱን ስም የመዘገቡበት ካታሎግ ነው።

ባለፈው ወር በቢቸና አንድ የቆየ የሠርግ ፎቶግራፍ ከግድግዳ አውርጄ በስልኬ ካነሣሁት በኋላ፣ መግለጫውን «ከግራ ሁለተኛው ስሙ ያልታወቀ» ብዬ ጻፍሁ። የቤቱ እመቤት መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አሉ።

«ምን ብለህ ነው የጻፍኸው፣ ልጄ?»

አነበብሁላቸው።

«ያልታወቀ? የአክስቴ ልጅ እኮ ነው! ደጀን ሄዶ እዚያው የቀረው።»

«ስማቸውን ይንገሩኝ፣ እማማ።»

እስከ አያቱ ድረስ ቈጠሩልኝ። ባትሪው 4 በመቶ ቀርቶት ስለ ነበር ቶሎ ቶሎ ጻፍሁ።