«ፊልም ያየ ሊስኒንግ አይወድቅም»

በባሕር ዳር ለእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና የሚዘጋጅ ሰው መካሪ አያጣም። ለዶክትሬት ትምህርት ወደ አውሮፓ ሊሄድ ያሰበ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ወጣት መምህር፣ እንግሊዝ አገር ለመቀጠር የምትሞክር ነርስ፣ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተመርቆ የነፃ ትምህርት ዕድል የሚያፈላልግ ልጅ፣ ሁሉም ስለ ማዳመጥ ፈተናው ሲጠይቁ የሚሰሙት መልስ ተመሳሳይ ነው። «ራይቲንጉን ፍራ እንጂ ሊስኒንጉ ቀላል ነው፤ ፊልም ያየ ሊስኒንግ አይወድቅም።»

ምክሩ የሚሰጠው በቅንነት ነው። ሳይሠራ ሲቀር ግን ዋጋው ከባድ ነው። አብዛኛው የባሕር ዳር ተፈታኝ አይኤልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና የሚወስደው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ ነው። በፈተናው ክፍያ ላይ ትኬቱና የአልጋው ኪራይ ሲደመር፣ ያለፉት ዓመታት የመንገድ ስጋት ሲታከልበት፣ «ካልሆነ ደግሜ እፈተናለሁ» ማለት ለብዙዎች የሚቻል አይደለም።

የፊልሙ ምክር ግማሽ እውነት አለው። እንግሊዝኛ ጨርሶ ከማይሰማ ሰው የሚሰማው ይሻላል። ልዩነት የሚያመጣው ግን ፊልሙ የሚታይበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሆልገር ሚተረርና ጀምስ ማክዊን የተባሉ ተመራማሪዎች የደች ተናጋሪ ተማሪዎችን ከፋፍለው ለጆሯቸው እንግዳ የሆነ የስኮትላንድ ወይም የአውስትራሊያ አነጋገር ያለበት ፊልም አሳዩአቸው። ከፊሎቹ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበራቸው፤ ከፊሎቹ የደች ትርጉም፤ የቀሩት ምንም። በኋላ የእነዚያኑ ተናጋሪዎች ንግግር ሰምተው እንዲደግሙ ሲጠየቁ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ያዩት በልጠው ተገኙ። በራሳቸው ቋንቋ ትርጉም ያዩት ደግሞ አዲስ ዓረፍተ ነገር ሲቀርብላቸው ያለ ጽሑፍ ካዩትም አነሱ። ትርጉሙን የሚያነብ ዓይን ጆሮን ሥራ ያስፈታዋል። ስለዚህ በአማርኛ ትርጉም የሚታይ ፊልም ለመዝናናት ይሁን እንጂ ከልምምድ ሊቆጠር አይገባም። ልምምድ ነው ከተባለ፣ ጽሑፉም ድምፁም እንግሊዝኛ ይሁን፤ ቀጥሎም ያው ትዕይንት ያለ ጽሑፍ ይደመጥ።

በዓይን ላይ መደገፍ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ እንግዳ አይደለም። ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉት አብዛኞቹ ተፈታኞች የፕላዝማ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ የተጀመረውና በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚታየው የሳተላይት ትምህርት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጁ ክፍለ ጊዜዎችን በቀጥታ ወደየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያሰራጭ ነበር። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር አይቆምም፣ አይደግምም፣ «ገባችሁ?» ብሎም አይጠብቅም። ስርጭቱ አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ የክፍሉ መምህር በቀረችው ጥቂት ደቂቃ ያመለጠውን ሊሞላ ይጣደፋል፤ ብዙ ጊዜም በአማርኛ።

ከዚህ በመነሣት «ፕላዝማ የተማረ ሰው ሊስኒንግ አያቅተውም» የሚል ወሬ አለ። ተቃራኒውን የሚሉም አሉ፤ ፕላዝማው ተማሪውን እንግሊዝኛ እንዲፈራ አደረገው እንጂ ምንም አልጠቀመው ይላሉ። ሁለቱም አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ፕላዝማው ልክ እንደ ፈተናው አንዴ የሚያልፍ ድምፅ ነበር፤ በዚህ ረገድ ዕድል ነበር። ነገር ግን ቁልፍ ቃላቱና ምስሉ ስክሪኑ ላይ ስለሚወጡ ተማሪው ያየውን ገልብጦ ይወጣል። የሰማውን ከጽሑፍ ጋር አስተያይቶ የት እንዳመለጠው የሚያይበት ጊዜ አልነበረውም። ጆሮ የሚሠለጥነው ደግሞ በዚያች ማስተያየት ነው።

ፕላዝማ ያልደረሰበትም ትውልድ ቢሆን ብዙ አልተለየም። በእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፎቻችን ውስጥ የማዳመጥ ክፍል አለ፤ ምንባቡ የሚገኘው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ሲሆን መምህሩ ራሱ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ጊዜ ያነበዋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛን በምርጫ ጥያቄ ይመዝናል፤ የሚደመጥ ነገር የለውም። ያልተፈተነ ነገር ደግሞ ክፍል ውስጥ ይዘለላል። በዚህ መንገድ አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ የተማረ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ከሃንድአውት ያጠና ሰው የማንበብ ፈተናውን በቀላሉ ሲወጣና ማዳመጡ ሲያንቀው ሰነፍ ነው ሊባል አይገባም። ያልተሰጠውን ትምህርት ነው የተጠየቀው።

እዚህ ላይ ነው «ብዙ መስማት» ከ«ጠልቆ መስማት» የሚለየው። ቀኑን ሙሉ ቢቢሲ ከፍቶ ቤት ማጽዳት ጉዳት የለውም፤ ጥቅሙም ያን ያህል ነው። ጉልህ ለውጥ የሚያመጣው አጭር ቅጂ ነው። ከእውነተኛ የልምምድ ፈተና የአንድ ደቂቃ ንግግር ይወሰዳል፤ ጽሑፉ ሳይታይ እየተሰማ ይጻፋል፤ እንደገና ይሰማል፤ ከዚያ ጽሑፉ ተከፍቶ ያመለጠው ይሰመርበታል። የካምብሪጅ የልምምድ መጻሕፍት የድምፁን ሙሉ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ማተማቸው ለዚህ ይጠቅማል። ከፎቶ ኮፒ ቤት የተገዛ፣ ድምፁ የሌለው ቅጂ ግን ለሊስኒንግ ምንም አያደርግም።

የተሰመረበትን የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ ይደነግጣል፤ ካመለጡት መካከል አብዛኞቹ የሚያውቃቸው ቃላት ናቸውና። አማርኛ ተናጋሪ እያንዳንዱን ክፍለ ቃል በየድርሻው ይናገራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ትልቁን ቃል ጫን ብሎ ትንንሾቹን ይውጣቸዋል። «ዲድ ዩ» የሚለው «ዲጁ» ይሆናል፤ «ዎንት ቱ» «ዎነ»፤ «ኔክስት ዴይ» ሲባል መካከል ያለችው ት አትሰማም። ለዚህ መድኃኒቱ ተጨማሪ የቃላት ጥናት አይደለም፤ እነዚያን መገጣጠሚያዎች በጆሮ ለይቶ፣ በራስ አፍ ደጋግሞ ማለት ነው። በዝግታ የተቀዳ ነገርም ለጀማሪ ብቻ ነው የሚሆነው። የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረው «ስፔሻል ኢንግሊሽ» ሲነበብ ከተለመደው ፍጥነት ሁለት ሦስተኛ ያህል ነበር፤ እዚያው የቀረ ጆሮ የፈተናው ፍጥነት ይከብደዋል።

«እያንዳንዷን ቃል መስማት አለብህ» የሚለው እምነት ደግሞ ከሁሉ ይጎዳል። የአይኤልትስ ማዳመጥ አራት ክፍሎችና 40 ጥያቄዎች አሉት፤ 30 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ድምፁ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በአማካይ 23 ያገኘ 6፣ 30 ያገኘ 7 ይሰጠዋል። የእንግሊዝ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት በማዳመጥ የሚጠይቀው 7 ነው። ይህ ማለት ያቺ ነርስ አሥር ጥያቄ ስታም እንኳ ልታልፍ ትችላለች። ብዙዎች የሚወድቁት ያመለጣቸውን አንድ መልስ ሲያባርሩ ቀጣዮቹ ሦስቱ ስለሚያልፏቸው ነው። ለስሕተት የሚቀነስ ነጥብ የለም፤ ስለዚህ ያልተሰማው በግምት ይሞላል፣ ጆሮ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ከመጀመሪያው ክፍል ወጥመዶች አንዱን ወደ ጣና ብናመጣው እንዲህ ይመስላል። ደዋይዋ ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ ልትይዝ ትጠይቃለች። ሠራተኛው «ኤይት ተርቲ ላይ ይነሣል» ይልና ወዲያው «ይቅርታ፣ ያ የባለፈው ዓመት ነው፤ አሁን ናይን ፊፍቲን ሆኗል» ይላታል። የቸኮለ ተፈታኝ የመጀመሪያውን ጽፎ አልፏል። በትዕግሥት የጠበቀውም ከሌላ ወጥመድ አላመለጠም፤ ፊፍቲን ነው ፊፍቲ? የመጀመሪያው መጨረሻው ላይ ይረዝማል፣ ሁለተኛው መጀመሪያው ላይ ይጠነክራል። እሱንም ለየ እንበል። አሁን የኢትዮጵያዊ ብቻ የሆነው ይመጣል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲቀይር የኖረ አእምሮ ሳያስበው ሦስት ሰዓት ከሩብ ይልና 3:15 ያስጽፈዋል። ለዚህ የሚረዳው ከፈተናው በፊት ባሉት ሳምንታት የስልክን ሰዓት በውጭው አቆጣጠር አድርጎ መክረም ነው።

ፊደላትም እንዲሁ ናቸው። ስም እየተነበበ ሲጻፍ «ኢ» የተባለችው በእኛ ጆሮ ወደ ሌላዋ ፊደል፣ ወደ «አይ»፣ ትሄዳለች፤ «ጂ» እና «ጄ»፣ «ፒ» እና «ቢ» ይምታታሉ። በስልክ ቁጥር ውስጥ ዜሮ «ኦ» ትባላለች፤ አራት ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሲመጣ «ደብል ፎር» ይባላል። እነዚህ ለጥቂት ቀናት ከጓደኛ ጋር ስምና ቁጥር እየተባባሉ በመጻፍ የሚስተካከሉ ናቸው፤ ከፈተናው ሁሉ በትንሽ ድካም ብዙ ነጥብ የሚገኝበት ይህ ነው።

ስለ አነጋገር ዘዬ የሚወራውስ? «የእንግሊዞቹን ካልለመድክ አትሰማም» ይባላል። በአይኤልትስ የብሪታንያ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒው ዚላንድ፣ የአሜሪካና የካናዳ አነጋገር ይሰማል፤ በአንዱ ብቻ መዘጋጀት ለሌላው አያዘጋጅም። በዚህ ረገድ የባሕር ዳር አስጎብኚዎች ታሪክ ያስተምራል። ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳማት ጎብኚ ሲያመላልሱ የኖሩት የጣሊያኑንም የጃፓኑንም የጀርመኑንም እንግሊዝኛ ያለ ችግር ይረዳሉ፤ ማንም ዘዬ አላስተማራቸውም፤ ጆሯቸው በመደጋገም ለመደ። ግን እነሱም ቢሆኑ አራተኛው ክፍል ላይ ሊቸገሩ ይችላሉ። ጎብኚ ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ በእጁ ያሳያል። አራተኛው ክፍል ግን አንድ ምሁር መሐል ላይ ዕረፍት ሳይሰጥ የሚያቀርበው ትምህርት ነው።

ለዚህ ክፍል የጣና ዳር ሰው የራሱ ሀብት አለው። ርእሶቹ ብዙ ጊዜ ከሥነ ምህዳር፣ ከታሪክ፣ ከግብርና የሚወሰዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው የእምቦጭ አረም ዛሬ ብዙ ጥናት ተጽፎለታል፤ ስለ እምቦጭና ስለ ሐይቅ በእንግሊዝኛ የተቀዱ ንግግሮችን በኢንተርኔት ፈልጎ ማድመጥ አይከብድም። የሚያውቁትን ጉዳይ በባዕድ ቋንቋ መስማት ቋንቋውን ያቀልላል። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ቦታ ነው፤ መልሱ የሚሰጠው ተናጋሪው ካለው እንጂ ተፈታኙ ከሚያውቀው አይደለም። የጣናን ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብሎ የያዘ ሰው ድምፁ ሌላ ቁጥር ቢጠራ የተጠራውን መጻፍ አለበት።

«ማዳመጥ ስለሆነ ስፔሊንግ አይታይም» የሚለው ፈጽሞ ስሕተት ነው። በትክክል ተሰምቶ በተሳሳተ ፊደል የተጻፈ ቃል ዜሮ ነው፤ መጨረሻዋ ላይ የተረሳች የብዙ ቁጥር ኤስም እንዲሁ ታሳጣለች። ከሁለት ቃል አይበልጥ የተባለበት ቦታ ሦስት ቃል የጻፈ መልሱ ቢገኝበትም አያገኝም። የብሪታንያውም የአሜሪካውም አጻጻፍ ግን ተቀባይ ነው።

«ሁሉም ፈተና አንድ ነው» የሚሉም ይሳሳታሉ። በወረቀት አይኤልትስ የሚፈተን ሰው መልሱን ወደ መልስ ወረቀት የሚያዛውርበት 10 ደቂቃ አለው፤ በኮምፒውተር የሚፈተን ግን ለማረም 2 ደቂቃ ብቻ ይሰጠዋል። አይኤልትስ ጥያቄውን አስቀድሞ ያሳያል። ቶፍል በተባለው ሌላ ፈተና ግን ጥያቄው የሚመጣው ንግግሩ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ማስታወሻ መያዝ ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል። ቶፍል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 አጠረ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮም የማዳመጥ ክፍሉ ክብደት በተፈታኙ መልስ የሚስተካከል ሆኗል። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ለጆሮ ልምምድ ይሆናል፤ ለፈተናው ቅርጽ ግን ያሳስታል።

ኢንተርኔት ከሌለ መዘጋጀት አይቻልም የሚለውንም የባሕር ዳር ተፈታኞች አይተውታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንደ ዱኦሊንጎ ያለ ከቤት የሚወሰድ ፈተና ያለ ኔትወርክ አይታሰብም፤ ልምምዱ ግን ይታሰባል። በስልክ ላይ አስቀድሞ የተጫነ ሃያ ደቂቃ ድምፅ ከነጽሑፉ፣ ከላይ በተባለው መንገድ ከተሠራበት፣ ለሳምንታት ሥራ ይበቃል።

የቀረው የቴሌግራም ገበያ ነው። «የዚህ ሳምንት ሊስኒንግ መልስ» የሚል ማስታወቂያ ብዙ ነው፤ «ሳይፈተኑ ሰርተፊኬት» የሚለውም አለ። ፈተናው በርካታ ቅጂዎች ስላሉት የተሸመደደ መልስ የሚገጥምበት ዕድል የለውም ማለት ይቻላል። ሰርተፊኬቱን የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎችና ቀጣሪዎችም ውጤቱን በኢንተርኔት ከፈታኙ ድርጅት መዝገብ ጋር ያመሳክራሉ። ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፤ ለሻጩ የተከፈለውም ገንዘብ አይመለስም።